አንድ እርምጃ የሚሄዱ ወታደሮች

የገባሁበት ቤት የእህል መጋዘን ነበር። ይህን ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በአፍንጫዬ ነው፤ በሩ ከኋላዬ ሲቀረቀር መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮት የለውም። ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት ላይ ግን ስንጥቅ አለ፤ ብርሃኑም ነፋሱም የሚገባው በዚያው ነው። የንፋስ መውጫ ከተማን ነፋስ የማያውቅ ሰው "አየር ካላቸውማ ምን ጎደላቸው" ይል ይሆናል። ያንን ሰው አንድ ቀን ያለ ጋቢ ቢያሳድሩልኝ ደስ ይለኛል።

አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ጀግና አይደለሁም። ጨጓራ ያለበት የሒሳብ መምህር ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለሚፈልጉ ልጆች ቼዝ አስተምራለሁ፤ ያም ቢሆን ቤት ገብቼ ከባለቤቴ ጋር በኑሮ ከመጨቃጨቅ ይሻላል ብዬ ነው። የያዙኝ ቀን ልጆቹን አሰናብቼ ሰሌዳዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ እየከተትኩ ነበር። ሁለት ወታደሮች በሩ ላይ ቆሙ።

"የቼዙ መምህር አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ።"

ትንሽ ጥያቄ የሚባለው ነገር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገድ ላይ በመምህራን ክፍል ያወራሁትን ሁሉ እያነሳሁ ስጥል ሄድኩ፤ ቼዝ ግን ትዝ አላለኝም። በቼዝ የታሰረ ሰው ሰምቼ አላውቅማ። ባለቤቴ ወሬው ደርሷት በባጃጅ ተከትላ መጣች። አላስጠጓትም። ጋቢዬን ለአንደኛው ወታደር ሰጥታ፣ ቆማ አየችኝና ተመለሰች።

መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ነበርን፤ ከሁሉም በቅርብ ያወቅኋቸው ግን ግራና ቀኜ የተኙትን ሁለቱን ነው። በስተቀኜ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ወዲያ ካለ ደብር የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ሳል አለባቸው። ወታደር ሲገባ ደወል ደውለዋል ተብለው ነው የተያዙት። "ለቀብር ነው የደወልኩት" ይላሉ። "ካላመናችሁ ሬሳውን ጠይቁት አልኳቸው፤ እነሱም እኔን ይዘው መጡ።" በስተግራዬ ደግሞ የስማዳ ገበሬ ነበር፤ ትከሻው የበሬ፣ ድምፁ የሕፃን። የሚያወራው ስለ ገብሱ ብቻ ነው። ደርሶ ነበር፣ ማን እንዳጨደው አላወቀም፣ በረዶ ይመታው ይሆናል፣ አይመታው ይሆናል።

የቤቱን ሕግ የነገሩኝ መሪጌታ ናቸው። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ በሩ ይከፈትና ስም ይጠራል። "ጋቢህን ያዝ" ከተባልክ ወይ ወደ ቤትህ ነው፣ ወይ ወደ ሌላ እስር ቤት። "ጋቢህን ተወው" ከተባልክስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ለጥያቄ ከሆነ ትመለሳለህ" አሉኝ። "ለሌላ ከሆነ ግን እስካሁን የተመለሰ አላየሁም።"

በማግሥቱ ጠዋት እኔ ተጠራሁ። ጋቢህን ተወው ተባልኩ። አጣጥፌ መሪጌታ አጠገብ አስቀመጥኩት።

የወሰዱኝ የመጋዘኑ ቢሮ ወደነበረችው ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ማግኔት ያለው ትንሽ የቼዝ ሰሌዳ ተዘርግቷል። ከኋላው የተቀመጠው ሰው ጢሙን የተላጨ፣ ጥፍሩን የተከረከመ፣ አነጋገሩ የከተማ ነው።

"ተቀመጥ መምህር። ሻይ ይምጣልህ?"

ሻይ መጣ፤ ስኳር አብዝተውበታል። ዱላ ጠብቄ የመጣሁ ሰው ሻይ ሲሰጡኝ ይበልጥ ፈራሁ። ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ ይላል የአገሬ ሰው።

"እኔም እጫወታለሁ" አለኝ ሰሌዳውን እያየ። ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ ወደ እኔ ገፋው። በፊደልና በቁጥር የተመዘገበ አንድ ሙሉ ጨዋታ ነበር፤ የነጩ በአንድ ዓምድ፣ የጥቁሩ በሌላ። በነጩ በኩል "እኔ" ተብሎ ተጽፏል። በጥቁሩ በኩል የስሙ ቦታ ባዶ ነው።

"ከስልክ ላይ ያወጣነው ነው" አለኝ።

"ከማን ስልክ ነው አለቃ?"

"ከነጩ። ነጩ ሞቷል። እኔ የምፈልገው ጥቁሩን ነው።"

አካፋን አካፋ ብሎ ነገረኝ። ነጩ ጫካ የነበረ ሰው ነው። በተያዘ ጊዜ ጭኑ ላይ የሻረ ቁስል ነበረው፤ ቁስሉ በሐኪም ክር የተሰፋ ነው። ከተያዘ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ማን እንደሰፋውም አልተናገረም። ጨዋታው የተመዘገበው ታሞ ተደብቆ በነበረበት ሰሞን ነው። የሰፋው ሰው ደብቆታል፣ አብልቶታል፣ አጫውቶታል። "ስለዚህ ጥቁሩን ካገኘሁ ሐኪሙን አገኘሁ ማለት ነው" አለኝ። "አንተ ደግሞ በዚህ አካባቢ ቼዝ የሚችለውን ሁሉ ታውቃለህ። አጨዋወት እንደ እጅ ጽሑፍ አይደል?"

ነው። ለሰው የማይነገር እውነት ቢኖር ይኸው ነው።

የጥቁሩን ዓምድ ወደ ታች አነበብኩት። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩ።

ቼዝ የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር ላስረዳ። ፊት ለፊት የሚሰለፉት ትንንሾቹ ወታደሮች መጀመሪያ ሲነሱ ሁለት እርምጃ መሄድ ይችላሉ። ሁሉም ሰው፣ ትናንት የጀመረ ልጅ ሳይቀር፣ ሁለት ነው የሚያስኬዳቸው። ይህ ጥቁር አንዱንም ሁለት አላስኬደም። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን አንድ እርምጃ ብቻ። ሁለቱን ፈረሶች ከንጉሡ ፊት ጎን ለጎን አቆመ። ነጩ ምን እያደረገ እንደሆነ ያየም አይመስልም፤ ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያው ሬሳ ሲወድቅ ግን ቀና አለ፤ ከዚያ ወዲያ መድረሻ አሳጣው።

ይህ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ይህ የድሮው ያገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ የሚባለው ነው። በድሮው ሰንጠረዥ ወታደር ከመነሻውም አንድ እርምጃ ነው የሚሄደው። ሲጀመርም ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እየተሻሙ፣ እንደፈቀዳቸው ያሰልፋሉ። ወረራ ይሉታል። እኔ ይህን የተማርኩት እስቴ ነው። ከገጠር ለትምህርት ወደ ወረዳዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ስገባ ያሳደሩኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእንጨት በተጠረበ ሰንጠረዥ እኔንና ሴት ልጃቸውን እኩል አስተማሩን። ኋላ ቼዝ ከመጽሐፍ ስንማር ሕጉን ተቀበልን፤ እጃችን ግን በሽማግሌው ሰልፍ ቀረ። እሳቸው አርፈዋል። እንዲህ የሚጫወት ሰው የማውቀው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ሁለተኛዋ ስማዳ ውስጥ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከአንድ እናት አልተወለድንም፤ እህቴ ናት ግን። የልጆች እናት ናት። ወረቀቱ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች፤ ድምፅዋን የሰማሁ ያህል አወቅኋት።

"እዚህ ላይ ደግሞ እይ" አለኝ አለቃው፣ ጣቱን ወደ መጨረሻው አውርዶ። "ግንቡን አንድ ጊዜ ቢያንቀሳቅስ ንጉሡ ያልቅለታል። አላንቀሳቀሰም። ዞሮ ዞሮ በወታደር ነው የገደለው። ለምን?"

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሽማግሌው በግንብ ንጉሥ መግደልን ነውር ያደርጉት ነበር። "ጉልበተኛውን ልኮ ማስገደልማ ማንም ያደርገዋል፤ ወንድ ከሆንክ በትንሹ ግደል" ይሉ ነበር፤ ልጃቸውንም ያው "ወንድ ከሆንሽ" ነው የሚሏት።

"አላየው ይሆናላ" አልኩት።

"ይህን ሁሉ ያየ ሰው?" ፈገግ አለ። "ቼዝ ማን አስተማረህ መምህር?"

"መጽሐፍ ነው።"

ጥርስ እንደሌለው ሰው ቃሉን አላምጦ አላምጦ ዋጠው። "አጥናው" አለኝ። "ወረቀቱ እዚህ ይቀራል፣ አንተ በጭንቅላትህ ትይዘዋለህ። ነገ ጠዋት ማን እንደሆነ ትነግረኛለህ። ካልሆነ ያስተማርካቸውን ልጆች አንድ በአንድ እያመጣሁ እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬ አጫውታለሁ። ከልጆቹ ካጣሁት ከአንተ ጋር የተማሩትን እፈልጋለሁ።" ይህን ሲናገር ድምፁ ከፍ አላለም። ሻይህን ጨርስ አለኝ፤ ጨረስኩለት።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ መሪጌታ ጋቢዬን ጭናቸው ላይ አድርገው እየጠበቁ ነበር። "ተመስገን" ብለው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ጨዋታውን በልቤ እደግመው ጀመር። መጀመሪያ የጥቁሩን ብቻ ነበር የማየው፤ እሷን የሚያሳብቅ ሌላ ምን አለ እያልኩ። ስደጋግመው ግን ነጩም ይታየኝ ጀመር። አራተኛው ላይ ንግሥቱን አወጣት። አምስተኛው ላይ መልሶ ቤቷ አስገባት። ምንም ያስፈራራት ነገር ሳይኖር። ጥሩ ተጫዋች ነው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ለምን አደረገው?

ዘግይቶ ገባኝ። ጠብቋት ነው። ወታደሮቿን አንድ አንድ እርምጃ እያስነሳች ሰልፍ ስትሠራ አይቶ፣ ምን እንደምትሠራ ማወቅ ፈለገ፤ እስክትጨርስ ድረስ ተራውን አባከነላት። ያን ጊዜ ስሙን የማላውቀው፣ መልኩን ያላየሁት፣ የሞተ ሰው አሳዘነኝ። ጨዋ ሰው ነበር። አፌን በጋቢዬ ይዤ አለቀስኩ፤ ምን ዋጋ አለው ብደብቀው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። የስማዳውን ገበሬ ጠሩት።

"ጋቢህን ተወው።"

ተነሳ። ጋቢውን አውልቆ፣ ጠርዙን ከጠርዝ አገጣጥሞ አጠፈው፤ ሚስት ያጠበችው ልብስ እንደሚታጠፍ። ከዚያ መሪጌታ ፊት ጎንበስ ብሎ "ይፍቱኝ አባ" አለ።

"እኔ ቄስ አይደለሁም ልጄ" አሉት መሪጌታ። እሱ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። በሩ ላይ ያለው ወታደር "ቶሎ በል" አለ። መሪጌታ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉት። ወጣ። እስኪመሽ ጠበቅነው። ጋቢው በታጠፈበት ቀረ፤ ያንን ሁሉ ብርድ ማንም አንስቶ አልለበሰውም።

ብርሃኑ ከስንጥቁ ሊጠፋ ሲል መሪጌታ ወደ እኔ ተጠጉ። "ከጠዋት ጀምሮ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። ምን እየጸለይክ ነው?"

"ጸሎት አይደለም መሪጌታ። ጨዋታ አጥና ተብዬ ነው።"

"ጨዋታም ይጠናል?"

"ይጠናል።"

"አዪ ዘመን" አሉ። "እኛ ድጓውን ስናጠና ያሳለፍነው ረኃብ ለካ ከንቱ ነው፤ ገበጣ ማጥናት ነበረብን።" ሳል ያዛቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያስጨነቀህ ማጥናቱ አይደለም፤ መልሱ ነው አይደል?" አሉኝ።

የማን ጨዋታ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የያዝኩት። አንድ ሰው የአንድ ነገር ፍቺ እንደጠየቀኝ፣ እውነተኛውን ፍቺ ብነግረው ሰው እንደሚሞት፣ አላውቅም ብለው ደግሞ እንደማያምነኝ ብቻ ነገርኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "የእኛን ጉባኤ አይተህ ታውቃለህ? መምህሩ አንዱን ንባብ ይፈታል። ፈትቶ ሲያበቃ 'አንድም' ብሎ ሌላ ይፈታል። ደግሞ 'አንድም' ይላል። የመጀመሪያውን መሻሩ አይደለም፤ ሁሉም ይቆማል። ጠያቂ ሲመጣብህ ፍቺውን አትከልክለው ልጄ፤ የከለከልከው ነገር ዓይኑ ውስጥ ይገባል። አብዛለት። አብዝተህ ስጠውና የሚይዘውን ይጣ።"

በማግሥቱ ጠዋት፣ ጋቢዬን አጣጥፌ ትቼ፣ አለቃው ፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ የለም።

"እህ?"

"አጥንቼዋለሁ አለቃ" አልኩት። "ጥቁሩ አንድም ጀማሪ ነው፤ ወታደር ሁለት እንደሚሄድ ያልነገሩት።"

"ጀማሪ እንዲህ አይጨርስም።"

"ልክ ነው። አንድም ሽማግሌ ነው፤ የድሮ ሰንጠረዥ የለመደ። እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች በጋይንትም በእስቴም በየደብሩ አሉ፤ ስም ጥራ ካሉኝ አልጨርሳቸውም።" ድምፄን የክፍል ድምፄ አደረግሁት። "አንድም ደግሞ ጥቁር የሚባል ሰው የለም።"

አየኝ። "እንዴት?"

"ነጩ ንግሥቱን አራተኛው ላይ አውጥቶ አምስተኛው ላይ ለምን መለሳት? የሚያስፈራራት ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለውን የሚያደርግ ሁለቱንም ወገን ራሱ የሚጫወት ሰው ነው። ተኝቶ የሚውል በሽተኛ ነው፣ ሰው የለውም፣ ስልክ አለው። ጥቁሩን በአንድ እርምጃ እያሰለፈ ራሱን ያጫውታል። የጥቁሩ ስም ባዶ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። ግንቡን ያላወረደው ጨዋታው እንዲያልቅበት ስላልፈለገ ነው።"

ወረቀቱን አወጣ። ጣቱን አራተኛው፣ አምስተኛው ላይ አኖረ። ይህን ሳያየው እንዳለፈ ከፊቱ አነበብኩ። የማላውቀውን ሰው ውለታ መዋሻ አደረግሁት፤ ነጩ ካለበት ሆኖ ይቅር እንደሚለኝ አስባለሁ።

አለቃው ወረቀቱን አጠፈና ሰሌዳውን ወደ መሐል ሳበው። "እንጫወት" አለኝ። "አንተ ጥቁር ሁን።"

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። አፌን ማስተማር ችያለሁ፤ እጄን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩት ሽማግሌው ናቸው። እሱ ነጩን ወታደር ሁለት አራመደ። ጣቴን ወታደሬ ላይ አሳረፍኩ። አንድ እርምጃ ላይ ሊቆም ሲል ገፋሁት፤ ሁለት ሄደ። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የሽማግሌውን ቤት አጥር የምነቅል ያህል ተሰማኝ። እሱ የሚያየው ሰሌዳውን አልነበረም፤ እጄን ነበር።

መልካም ተጫዋች ነው፣ አልዋሽበትም። መሐል ላይ አስጨነቀኝ። ከዚያ ግን ምንም ምክንያት ሳይኖረው ንጉሡን የሚሸፍንለትን ፈረስ አነሳና ወደ ዳር ወሰደው። የእኔ ግንብ ፊት መንገዱ ተከፈተ። አንድ ጊዜ ቢወርድ ያበቃል። አጠገቡ ደግሞ የእኔ ወታደር ቆሟል፤ ትንሽ ብታገስ በእሱ መግደል እችላለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ራሱ ነበር።

ቀና አልኩ። ወንበሩን ተደግፎ፣ እጁን አጣምሮ እየጠበቀኝ ነው። አውቆ እንደከፈተው ገባኝ። ወታደሩን ባነሳው እሷን አሳልፌ ሰጠሁ። አላየሁም ብዬ ሌላ ብጫወት፣ አውቆ አለፈው ይለኛል። እኒያ ሽማግሌ በሕይወት ቢኖሩና ከኋላዬ ቆመው ቢሆን ምን ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ግንቡን አንስቼ አወረድኩት። በሰሌዳው ጫፍ እስኪሰማ ድረስ መትቼ አስቀመጥኩት።

"አለቀ አለቃ" አልኩት።

ሰሌዳውን አተኩሮ አየው። በመሸነፉ የተናደደ አልመሰለኝም፤ ሌላ ነገር ያጣ ነው የሚመስለው። "ጥቁሩ ግን ይህን አላደረገውም" አለ።

"ጥቁር የለማ።"

"ሂድ" አለኝ።

ሄድኩ። ምን እንደወሰነ አላወቅሁም። ያን ቀን ሙሉ በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የገበሬውን ጋቢ እያየሁ ዋልኩ። በሚቀጥለው ቀን ስሜ ተጠራ፤ ከስሜ በኋላ ያለውን ጠበቅሁ።

"ጋቢህን ያዝ።"

መሪጌታ ላይ ጣል አደረግሁት፤ እየሳሉ ነበር። ገፍተው መለሱልኝ። "ያዝ ተብለሃል፣ ያዝ" አሉ። "የእኔ ሳል የቆየ ነው፤ አንተ ምልክቱን አታበላሽ።" ይዤው ወጣሁ። እሳቸውም ቆይተው ተፈተዋል፤ ደብራቸው ገብተው ያስተምራሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለ ገበሬው የሰማሁት የለም። ስማዳ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ገብስ አብቃይ ሁሉ ትከሻው ሰፊ ነው ይሉኛል።

አለቃው ተዛወረ። እህቴም ከስማዳ ለቃለች፤ የት እንዳለች አልናገርም። ይህን መጻፍ የቻልኩት ስለለቀቀች ነው።

ከመሄዷ በፊት የአባቷ ሙት ዓመት ላይ እስቴ ተገናኘን። እንግዳው ሲቀንስ ያንን የእንጨት ሰንጠረዥ አወጣች። ስለ እስሬ ብዙ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ገጣጥማ እያሰለፈች "አንድ እንግዳ ነበረኝ" አለችኝ እንደዋዛ። "ጥሩ ተጫዋች ነው። ለምን ወታደር ሁለት እንደማላስኬድ አጥንቼ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር። እስካሁን የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ወንዶች ስትባሉ።"

ነጩን ወሰድኩና ከወረቀቱ ያጠናሁትን ተጫወትኩ፤ የሱን የመጀመሪያ። እሷ ወታደሯን አንድ እርምጃ አነሳች። የሱን ሁለተኛ። እሷ አንድ። የሱን ሦስተኛ። አራተኛው ላይ ንግሥቱን አወጣሁ። እሷ አሁንም አላየችኝም፣ ሰልፏን ነው የምትሠራው። አምስተኛው ላይ ንግሥቱን መልሼ ቤቷ አስገባሁ።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ከየት አገኘኸው?" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"ስልኩን አሳዩኝ።"

"እሱንስ?"

"ስልኩን ብቻ ነው ያየሁት" አልኳት።

አላለቀሰችም። እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሳች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። በቤቱ ላለው ሰው ለአባቷ መሰለው።

ተራው የእሷ ነበር። ወታደሯን አነሳችና አንድ እርምጃ ፊት አስቀመጠችው። እኔም የሱን ስድስተኛ ተጫወትኩ። እስከ መጨረሻው ሄድን። ግንቡ ፊት መንገዱ ሲከፈት ቀና ብላ አየችኝ፤ አልፋው ሄደችና በወታደር ጨረሰችው።